አውሮፕላን ላይ ሲሆን ውበት፣ ወንዝ ላይ ሲሆን ፈጠራ?

አውስትራሊያ ውስጥ ያለው የብሌይኒው የወርቅ ማዕድን ነገር እስካሁን እያነታረከ ነው። ሪጂስ የተባለው ኩባንያ የማዕድን ዝቃጭ ግድቡን የቤሉቡላ ወንዝ መነሻ ላይ እንዳይሠራ የያኔዋ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትር ታንያ ፕሊበርሴክ በኦገስት 2024 ከከለከሉ ጀምሮ አንድ ወሬ ጆሮዬን አደንቁሮታል። የአካባቢው አቦርጂናሎች የዊራጁሪዎቹ፣ ከቦታው ጋር የተያያዘው የሰማያዊ መስመሯ ንብ ቅዱስ ታሪክ፣ ድሮ የጻፈው ስለሌለ የቅርብ ጊዜ ፈጠራ ነው ይላሉ። ቦታው ይጠበቅልን ብለው ለሚኒስትሯ ማመልከቻ ያስገቡት ንሪ ሬይኖልድስ ደግሞ የዊራጁሪ የአገር ሽማግሌ ብቻ ሳይሆኑ ሠዓሊም ናቸው፣ ያው ለተቺዎቹ ይሄ ራሱ ጥርጣሬ ነው መሰለኝ።

የጻፈው የለም! ማን ይጻፈው? በ1824 እዛው የዊራጁሪ አገር ባተርስት ላይ ማርሻል ሎው (ወታደራዊ አዋጅ) ታውጆ ሕዝቡ ሲታደን ማን ብዕር ይዞ የንብ ታሪክ ይጠይቃቸው ነበር? የዊራጁሪን ቋንቋ መዝገበ ቃላት ያዘጋጁት ስታን ግራንት ሲኒየር እኮ ልጅ እያሉ አያታቸው መንገድ ላይ በቋንቋቸው ስለጠሯቸው ፖሊስ አያትየውን ወስዶ አስሯቸዋል፣ የልጅ ልጁን ስለጠራ ሰው የሚታሰርበት አገር ውስጥ ሰዉ ታሪኩን ለነጭ ጸሐፊ ሄዶ ያስመዘግብ ነበር ነው የምትሉን? አፉን ዘግታችሁ ስታበቁ ለምን አልተናገርክም ማለት ምን የሚሉት ድፍረት ነው።

ደግሞ ጽፈዋል እኮ፣ በራሳቸው መንገድ። ሞሎንግ አካባቢ የዩራኒ መቃብር አለ፣ የቅኝ ግዛቱን መሬት ቀያሽ ቶማስ ሚቸልን መንገድ የመራው የዊራጁሪ ሰው ነው፣ በ1850 የሞተ። ዙሪያውን ባሉት ዛፎች ላይ ልጣጩ ተነስቶ እንጨቱ ውስጥ ጠልቀው የተቀረጹ መስመሮች አሉ፣ ቅርፊቱ በዓመታት ብዛት ከዳርና ከዳር እያበጠ መልሶ ሊውጣቸው ይመጣል። እዛው ደግሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የመቃብር ድንጋይ ቆሟል። አንድ መቃብር ሁለት ጽሑፍ ማለት ነው፣ ድንጋዩን ብቻ አንብቦ ዛፉን ጌጥ የሚል ሰው ችግሩ የራሱ መሃይምነት ነው። እንዲህ ያሉ ዛፎች ስንቶቹ ተቆርጠው ሙዚየም ገቡ፣ ከዛ መልሰው ማስረጃችሁ የት አለ ይላሉ።

ሥዕል ማስረጃ አይሆንም የሚለው ነገር ራሱ በአውስትራሊያ ታሪክ ውድቅ ነው። በ1963 በሰሜን አውስትራሊያ የዪርካላ ዮልንጉ አቦርጂናሎች መሬታቸው ላይ የታቀደውን የቦክሳይት (የአሉሚኒየም ድንጋይ) ማዕድን ተቃውመው አቤቱታቸውን በተቀባ የዛፍ ልጥ ላይ ለጥፈው ፓርላማ ላኩ (ማዕድኑ ግን ተቆፈረ)። በ1997 ደግሞ የምዕራብ አውስትራሊያ በረሃ አቦርጂናሎች የንጉራራ ሰዎች፣ መሬቱ የኛ ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ስምንት በአሥር ሜትር የሚሆን ሸራ ላይ በረሃቸውን ከነውሃ ጉድጓዱ ሥለው መሬት ላይ ዘረጉትና እያንዳንዱ የራሱ ርስት የተሣለበት ቦታ ላይ ቆሞ ቃሉን ሰጠ፣ በ2007 መሬታቸው ታወቀላቸው። የዊራጁሪ ሠዓሊ ወንዙን ሲሥል ታዲያ ምን አዲስ ነገር ሆነና ነው። የአውስትራሊያው አየር መንገድ ካንታስ በ1994 አንድ ቦይንግ 747 አውሮፕላን ሙሉውን በአቦርጂናል ዲዛይን ሲቀባና በየአየር ማረፊያው ሲያሳይ ይሄ የት ተጽፏል ብሎ የጠየቀ ሰው እኔ አላስታውስም።

እሺ፣ እዛው አቅራቢያ ያለው የኦሬንጅ ከተማ የአቦርጂናል መሬት ካውንስል ከንሪ ጋር አልተስማማም፣ ይሄ እውነት ነው። አንድ ሕዝብ ውስጥ ሁለት ሐሳብ ስላለ አንደኛው ውሸታም ነው የሚባለው ግን አቦርጂናሎቹ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው!

እና ኩባንያው፣ እናቱ የሞተችበትም ወንዝ የወረደችበትም እኩል ያለቅሳል ነው ነገሩ። ወርቁን አታውጣ አልተባለም፣ ግድቡን ከወንዙ መነሻ አንሳ ነው የተባለው፣ ሚኒስትሯ እንደተናገሩት ደግሞ ኩባንያው ራሱ ለግድቡ አራት ቦታና 30 ገደማ አማራጭ አይቻለሁ ብሏቸው ነበር።