ከቪላው ሽንፈት ይልቅ የቼልሲው አቻ ያንገበግበኛል

ቅዳሜ ኅዳር 27 ቀን 2018 ዓ.ም. አርሰናል ቪላ ፓርክ ላይ በአስቶን ቪላ 2 ለ 1 ተሸነፈ፤ ይህን የምጽፈው በዚያው ሰሞን ነው። የመጨረሻዋ ጎል የገባችው በ95ኛው ደቂቃ ነው። ሳጥን ውስጥ ትርምስ ተፈጠረ፣ ኳሷ ቡዌንዲያ እግር ስር ወደቀች፣ መታት፣ ጨዋታው አለቀ። ከዚያ ቀን ወዲህ ደሴ ውስጥ የአርሰናል ማልያ ለብሶ መውጣት ራሱ ፈተና ሆኗል። ባጃጅ ውስጥ ገብተህ ገና ሳትቀመጥ ሹፌሩ በመስታወት አይቶህ «ዘንድሮም ሁለተኛ!» ይልሃል።

ከማንቸስተር ደጋፊ ሲመጣ እሺ፣ ለምዶብናል። የከነከነኝ የራሳችን ሰዎች ነገር ነው። ፒያሳ አካባቢ ኳስ የማይበት ቤት ውስጥ ቅዳሜ ጨዋታው እንዳለቀ ግማሹ ሰው አሰልጣኛችንን «አርቴታ ይብቃው» እያለ ነበር የወጣው። አብረን ስንት ዓመት የተቃጠልን ልጆች ናቸው። ቶተንሃምን 4 ለ 1 ካሸነፍን ሁለት ሳምንት አልሞላንም ነበር። ባየርን ሙኒክን 3 ለ 1 የረታነው በዚያው ሳምንት ነው። በቻምፒየንስ ሊግ አምስት ተጫውተን አምስቱንም አሸንፈን ነበር። ፕሪሚየር ሊጉንም በ15 ጨዋታ 33 ነጥብ ይዘን እየመራን ነበር።

እኔም ተናድጃለሁ፣ አልደብቅም። ግን የተናደድኩት በቪላው ጨዋታ አይደለም። ከዚያ በፊት በነበረው እሁድ ከቼልሲ ጋር ስታምፎርድ ብሪጅ ላይ 1 ለ 1 በወጣነው ጨዋታ ነው። ያን ዕለት ማንም አልጮኸም። «ነጥብ ይዘን መጣን» ተብሎ ታለፈ። እኔ ግን መጮህ የነበረብን ያን ቀን ነው ባይ ነኝ።

መጀመሪያ ቪላን ረጋ ብለን እንየው። የመሐል ተከላካዮቻችን ሳሊባም ጋብሬልም አልነበሩም። ጋብሬል የተጎዳው ለብራዚል ሲጫወት ነው፤ ያውም በገዛ ሜዳችን በኤሚሬትስ፣ ከሴኔጋል ጋር በነበረ የወዳጅነት ጨዋታ። ክፍተቱን ሲሸፍን የነበረው ሞስኬራ ደግሞ ረቡዕ ብሬንትፎርድን 2 ለ 0 ስናሸንፍ ተጎድቶ ወጣ። ስለዚህ ቅዳሜ መሐል ላይ የቆሙት ቲምበርና ሂንካፒዬ ናቸው። ቲምበር ዘንድሮ የቀኝ መስመር ተከላካያችን ነው። ረቡዕ ማታ የተጫወተ ቡድን ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ፣ በሰው ሜዳ፣ እንዲህ በተጠጋገነ ተከላካይ ገብቶ እስከ መጨረሻዋ ደቂቃ 1 ለ 1 ነበር። ካሽ በ36ኛው ደቂቃ አገባብን፣ ከእረፍት መልስ ትሮሳርድ አቻ አደረገን። በመጨረሻዋ ምት ተሸነፍን። ያማል። ግን አሰልጣኝ የሚባረርበት ሽንፈት አይደለም።

ያሸነፈን አሰልጣኝም ዝም ብሎ ሰው አይደለም። ኡናይ ኤምሪን እኛው ነን በ2019 መጨረሻ ላይ ያሰናበትነው። ያኔ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ቪላን ከያዘ ወዲህ ግን ደጋግሞ አቁስሎናል። በ2024 ሚያዝያ ኤሚሬትስ መጥቶ 2 ለ 0 አሸነፈን፤ በዚያ ዓመት ሊጉን ያጣነው በሁለት ነጥብ ነው፣ እኛ 89 ማንቸስተር ሲቲ 91። ስለዚህ «በቪላ እንዴት እንሸነፋለን» የሚል ሰው ቪላን ከአምስት ዓመት በፊት ባየው ዓይን ነው የሚያየው።

አሁን ወደ ቼልሲው ልመለስ። ዕለቱ ኅዳር 21 ነበር፣ የጽዮን ማርያም ቀን። ጨዋታው ማታ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው የሚጀምረው። ቤቱ ሞልቶ አግዳሚው አልበቃ ብሎ ሰው በር ላይ ቆሟል። የደሴን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ማታ ከጦሳ ተራራ በኩል መውረድ ሲጀምር ጃኬት አይመልሰውም። ከክብረ በዓል የመጣው ነጠላውን አጣፍቶ፣ ኢሻ ሰግዶ የመጣው ከጎኑ ተጠግቶ፣ አንዱ የሌላውን ትከሻ እየተደገፈ ነው የሚያየው። በ38ኛው ደቂቃ ካይሴዶ ሜሪኖ ላይ ገባበት። ዳኛው መጀመሪያ ቢጫ ሰጠ፣ ስክሪን አይቶ ሲመለስ ቀይ አወጣ። ቤቱ ተነሳ። የማላውቀው ልጅ አንገቴን አንቆ ሳመኝ። «አለቀ! ዛሬ አለቀ!» ይላል።

አላለቀም። ከእረፍት እንደተመለስን፣ በ48ኛው ደቂቃ፣ በ10 ሰው የሚጫወተው ቼልሲ በኮርና አገባብን። ቻሎባ በጭንቅላት። ኮርና የኛ መሣሪያ ነው፤ ሰው «የኮርና ቡድን» እያለ የሚሰድበን በእሱ ነው። ሜሪኖ በ59ኛው ደቂቃ ሳካ ያሻማለትን በጭንቅላት አስገባና አቻ ሆንን። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሰዓት ነበረን። ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ከ10 ሰው ጋር። ሳሊባና ጋብሬል እዚያም አልነበሩም፣ እውነት ነው። ግን ያን ግማሽ ሰዓት ያስፈለገን ተከላካይ አልነበረም። የሚያስፈልገው ጉሮሮ ላይ መቆም ነበር። እኛ ግን ኳሱን ወደ ጎን እያቀባበልን፣ እንዳንሸነፍ እየተጠነቀቅን ጨረስነው። አርቴታ ላይ ያለኝ ቅሬታ ይሄው ነው። ቡድኑን አለመሸነፍን አስተምሮታል። በትልቅ ጨዋታ ግን ማሸነፍ ሲቻል ለአቻ ይሳሳል።

ይህን የምለው ከአንድ ጨዋታ ተነስቼ አይደለም። የ2024/25 የውድድር ዓመት ሰንጠረዥ አውጥታችሁ እዩት። ሊቨርፑል በ84 ነጥብ ዋንጫ ሲያነሳ የተሸነፈው አራት ጊዜ ነው። እኛ ስንት ጊዜ ተሸነፍን? አራት ጊዜ። እኩል ነን። ልዩነቱ ያለው አቻው ላይ ነው። እነሱ 9 እኛ 14። በ74 ነጥብ ሁለተኛ ሆነን የቀረነው በሽንፈት ሳይሆን በአቻ ነው። በ2023 ሚያዝያም እንዲሁ ነበር። ሊቨርፑልን 2 ለ 0 እየመራን 2 ለ 2፣ ዌስትሃምን 2 ለ 0 እየመራን 2 ለ 2፣ ከዚያ በሰንጠረዡ ግርጌ ከነበረው ሳውዝሃምፕተን ጋር 3 ለ 3። ሦስት አቻ በተከታታይ። ዋንጫው ያኔ ነው ከእጃችን መውጣት የጀመረው። በ2024 ሽንፈት እንደጎዳን ከላይ ብያለሁ። ግን ሁለቱን ዓመት የበላን አቻ ነው።

ዘንድሮስ? እስከ ቪላው ጨዋታ ድረስ ሁለት ተሸንፈን ነበር፣ በሊቨርፑልና በቪላ። ሦስት አቻ ወጥተን ነበር፣ ከሲቲ፣ ከሰንደርላንድና ከቼልሲ። ሁለቱ ሽንፈት 6 ነጥብ ወሰደብን። ሦስቱ አቻም 6 ነጥብ ወሰደብን። ለሽንፈቱ አገር ይያዝልን እንላለን፣ ለአቻው ግን ሻይ አዘን እንጠጣለን።

የአማካያችንን የኤዜን ነገር ሳነሳ ደግሞ ሆዴ ይባባል። ልጅ ሆኖ አርሰናል አካዳሚ ነበር፤ በ13 ዓመቱ አሰናበቱት። ከዚያ ብዙ ተንከራቶ ክሪስታል ፓላስ ደረሰ። በ2025 ግንቦት በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ሲቲ ላይ የዋንጫዋን ጎል ያገባው እሱ ነው። ክረምቱ ላይ ቶተንሃም ሊወስደው ጫፍ ደርሶ እኛ ነጠቅነው። ሊቨርፑል ሜዳ አንፊልድ ላይ ተቀምጦ ጀመረ፤ ገና መምጣቱ ስለነበር ይሁን። በሶቦስላይ ቅጣት ምት 1 ለ 0 ተሸነፍን። ከሲቲ ጋር በኤሚሬትስ ስንጫወትም ተቀምጦ ጀመረ። አርቴታ መሐሉን በራይስ፣ በሱቢሜንዲና በሜሪኖ ሞላው። ሃላንድ በ9ኛው ደቂቃ አገባብን። ኤዜ የገባው ከእረፍት በኋላ ነው። በባከነ ሰዓት ያቺን ረጅም ኳስ ለማርቲኔሊ ያሾለከለት ማነው? ኤዜ። ማርቲኔሊ በዶናሩማ አናት አሳልፎ አገባት፣ 1 ለ 1። ዲኤስቲቪ ቤቱ በጩኸት ሊፈርስ ነበር። እኔ ግን ወደ ቤት ስሄድ የማስበው ሌላ ነበር። ይሄ ልጅ ከመጀመሪያው ቢገባስ?

መልሱን ቶተንሃም ሰጠን። ኅዳር 14 አርቴታ ኤዜን ከመጀመሪያው አሰለፈው፣ በነፃነት ለቀቀው። ትሮሳርድ አስጀመረ፣ ከዚያ ኤዜ ሦስት አገባ። በሰሜን ለንደን ደርቢ ሐትሪክ የተሠራው በ1978 ነበር፤ አለን ሰንደርላንድ ከሠራ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። የእሱን ሁለተኛ ጎል አስታውሱ። ከእረፍት የተመለስን አንድ ደቂቃ አልሞላንም። 2 ለ 0 እየመራን ነው። የድሮው አርሰናል ቢሆን ኳሱን ይዞ ያዘግም ነበር። የአሁኖቹ ግን ሄዱ፣ አገቡ። የምወደው አርቴታ ያን ቀን የነበረው አርቴታ ነው። ያ ሰው አለ፣ በዓይናችን አይተነዋል። ለዚህ ነው ይባረር ሲሉ የማልስማማው። ይባረር የሚባለው ማድረግ ለማይችል ሰው ነው። እሱ ይችላል፤ የሚፈራው ሜዳው ሲለወጥና ስሙ ሲከብድ ነው።

ደግሞ ይሄ ሰውዬ ከየት እንዳነሳን አንርሳ። በ2019 ታኅሣሥ ሲረከበን ቡድኑ ተበትኖ ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ ቼልሲን አሸንፎ የኤፍ ኤ ካፕ ዋንጫ ሰጠን። በሊጉ ግን ሁለት ዓመት ተከታትሎ 8ኛ ወጣን። ሦስተኛው ዓመት ሲጀመር ሦስቱንም የመጀመሪያ ጨዋታዎች ተሸነፍን። ያ ዓመት ለእኛ ለደሴና ለኮምቦልቻ ሰዎች ሌላ ትርጉም አለው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጦርነቱ ከተሞቻችን ድረስ ገባ። ኳስ ማን ያስባል? ግማሹ ተሰዷል፣ ግማሹ በር ዘግቶ ተቀምጧል። ተመልሰን፣ መብራት መጥቶ፣ ዲኤስቲቪ ቤቱ ሲከፈት፣ ስክሪኑ ላይ ያገኘሁት ቡድን የማውቀው አልነበረም። ሳካ፣ ስሚዝ ሮው፣ ማርቲኔሊ፣ ኦዴጋርድ። ልጆች ናቸው፤ ግን አይፈሩም። ከሐረጎ ማዶ ከኮምቦልቻ የመጣ ወዳጄ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ብዙ ነገር አጥቶ የተመለሰ ሰው ነው። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቅ አየሁት። ለዚያ ቡድን ያለኝ ፍቅር ከነጥብ ጋር ብቻ የተያያዘ አይደለም። ለዚህም ነው አርቴታን በአንድ የ95 ደቂቃ ጎል የማልለውጠው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከሚጮኸው ሰው ስንቱ ነው ደጋፊ? ቅዳሜ ከጎኔ የነበረው ወጣት አርቴታን ከሁሉም በላይ ሲሳደብ ነበር። በኋላ ሲያወራ የቤቲንግ ትኬቱ ነው የተቃጠለበት። አርሰናል ያሸንፋል ብሎ አስይዞ ነበር። ሐዘኑ ይገባኛል፤ ብሩም የሚያስፈልገው ልጅ ነው። ግን ይሄ ነገር ዲኤስቲቪ ቤቶቻችንን እየቀየራቸው ነው። ድሮ ቡድን ሲሸነፍ አብረን አንገት እንደፋ ነበር። አሁን ጨዋታው ሳያልቅ ግማሹ ሰው ስልኩ ላይ ሌላ ጨዋታ ፍለጋ ይገባል። አሰልጣኙን የሚመዝነው በትኬቱ ነው። በዚህ ሚዛን የሚተርፍ አሰልጣኝ የለም።

«የራሳችሁ ክለብ ደሴ ከተማ እያለ ስለ ለንደን ትጨቃጨቃላችሁ» የሚሉንም አሉ። እውነት አላቸው። ሆጤ ሜዳም እሄዳለሁ፣ ሌላውም ቢሄድ ደስ ይለኛል። አንዱን መውደድ ሌላውን አይከለክልም።

ወደ አርቴታ ስመለስ፣ ከቪላው ጨዋታ ቀጥሎ ባለው ቅዳሜ ቮልቭስ ኤሚሬትስ ይመጣል። ይህን ስጽፍ ቮልቭስ ሁለት ነጥብ ብቻ ነው ያለው። እሱን ማሸነፍ ግዴታ ነው፤ ስለ አሰልጣኙ ግን የሚነግረን ነገር የለም። ሳሊባና ጋብሬል ሲመለሱ ተከላካዩ ራሱን ይችላል፣ ለእሱ አልሰጋም። የምጠብቀው ሲቲን በሜዳው የምንገጥምበትን ቀን ነው። ይህን ስጽፍ ሲቲ 31 ነጥብ ይዞ ከኋላችን እየተነፈሰ ነው፤ ነገሩ የሚለይለትም እዚያ ይመስለኛል። የዚያን ቀን አሰላለፉ ቴሌግራም ላይ ሲለቀቅ ኤዜ ከመጀመሪያው ካለበት፣ 3 ለ 0 ተሸንፈን ብንመለስም አርቴታን አልወቅስም። ኤዜን አስቀምጦ 0 ለ 0 ይዞ ከመጣ ግን በሚቀጥለው ቀን ባጃጅ ውስጥ ከሹፌሩ ቀድሜ የምጮኸው እኔ ነኝ።