የሰሜን መስኮት ፀሐይ አያገባም?

በአዳማ ተዳፋት ላይ ለሚሠራው የዕረፍት ቤት «መስኮቶቹን ወደ ሰሜን ያዙሯቸው፤ በዚያ በኩል ፀሐይ ፈጽሞ አይገባም» ተብሎ የተሰጠው ምክር እርማት ያስፈልገዋል። አዳማ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8.5 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የቀትር ፀሐይ በሰኔ አጋማሽ ከአናት ወደ ሰሜን 15 ዲግሪ ያህል፣ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ 32 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። በሁለቱም በኩል ወጣ ያለ ጣሪያ ይበቃል። ቤቱን የምታግለው የምዕራቧ ፀሐይ ናት፤ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ በረንዳውን አልፋ ሶፋው ሥር ስለምትደርስ ጣሪያ አያግዳትም። ተዳፋቱ ወደ ምዕራብ የሚያይ ከሆነ (መስታወት የሚደረደረውም ለዕይታ ሲባል በዚያው በኩል ነው) የመሠረቱ ወጪ ቢጨምርም ወደ ምዕራብ የሚያየው ጠባቡ ጎን እንዲሆን ቤቱን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አስረዝሞ ወለሉን በደረጃ ዝቅ እያደረጉ መሥራት ይሻላል።