ዲኤክሷ ተነፈሰች

ይብላኝ ለቶዮታ መሐንዲሶች። ያን ሁሉ ዓመት ተምረው፣ ዲኤክስን፣ ያቺን የድሮ ኮሮላ፣ ሲሠሩ እንዴት መተንፈስ እንዳለባት ሳያውቁ ቀሩ። ደግነቱ የሰፈራችን ልጅ አወቀ፤ «ሞተር ቀዝቃዛ አየር ከሳበ ጉልበቱ ይጨምራል» አለ። አርባ ዓመት ዘግይቶም ቢሆን አንድ ሜትር የፍሳሽ ቱቦ፣ አንድ ኤልቦ፣ ሁለት የቱቦ ማጥበቂያ ፋሸታና አንድ ጥቅል ፕላስተር ይዞ ደረሰላቸው።

ቱቦው ከምናለሽ ተራ ነው። የአየር ማጣሪያው፣ ቀዩ ሾጣጣ ፊልትሮ፣ ከሶማሌ ተራ። «ኦሪጅናል» ነው፤ ሻጩ ምሎለታል። ቅዳሜ ከሰዓት ኮፈኑ ተከፈተ። ሰባት ሰው ዙሪያውን ቆመ። ከሰባቱ መኪና ያለው አንድም የለም፤ ምክር ግን ሁሉም አለው። ምክር ቀረጥ የለበትማ።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና እንደ ወርቅ ነው የሚያዘው። ወርቅ ላይ የፍሳሽ ቱቦ ለመግጠም ወኔ ያስፈልጋል። ወንድማችን ወኔ አልጎደለውም።

መጀመሪያ አየርና ቤንዚን በሚያደባልቀው ካርቡሬተር ላይ የተደፋው ድስት የመሰለ የማጣሪያ ቤት ተነቅሎ ወጣ። «ይሄ ነው ሲያፍናት የኖረው!» ተባለ። ቀዩ ፊልትሮ በቦታው ተተከለ። ያምራል፤ አልዋሽም። ብቻ የዚች ሞተር ካርቡሬተር የተቀመጠው ከጭስ ማውጫው በላይ ነው። ድስቱ ቢያንስ ከግለቱ ይጋርድ ነበር። አሁን «ቀዝቃዛ አየር» የተባለው እንቁላል ከሚጠበስበት ቦታ ይሳብ ጀመር። ማንም ልብ አላለም። ድምፅዋ ተለውጧላ!

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። አየር በ10 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ በ3 በመቶ ገደማ ይወፍራል። የዲኤክሷ 1290 ሲሲ ሞተር አዲስ ሳለ 60 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላ ነው የተቀመጠችው፤ አየሯ ሩብ ያህል የሳሳ ነው። እንግዲህ 15ቱ ፈረስ ገና ዳገቱን ሲወጡ መንገድ ላይ ቀርተዋል። ወንድማችን ሁሉ ነገር ቢሰምርለት በቱቦው አንድ ፈረስ ተኩል ያስመልሳል። ግማሹ ፈረስ የፊተኛው ይሁን የኋለኛው አልጠየቅሁትም።

ግን ፍጥነት የሚለካው በጆሮ መሆኑን ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ቀን አሳፍሮኝ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ወጣን። ነዳጅ ሲረግጥ «ሆሆሆ» ትላለች፤ እንደ ሠርግ ቤት።

«ሰማሃት?»

«ሰማኋት።»

«አሁን ተነፈሰች!»

ሰው ጢም ብሎ የሞላበት ሚኒባስ አለፈን። ረዳቱ በመስኮት ዞር ብሎ በሐዘኔታ አየን። ቀጥሎ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ትንፍሽ ሳትል አለፈችን።

«እሷ ነፍስ የላትም» አለኝ።

ታላቅ ሰው በአንድ ሙከራ አይቆምም። በሁለተኛው ዙር ቱቦው ከካርቡሬተሩ ተነሥቶ፣ በባትሪው ጎን ሾልኮ፣ ፓራውልቱ ሥር ወረደ። አፉ ከአስፋልቱ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ቀዩ ፊልትሮም «ያፍናታል» ተብሎ ተባረረ። በምትኩ የሻይ ማጥለያ ገባ። አዎ፣ የሻይ ማጥለያ። እናቱ እስከ ዛሬ እየፈለጉት ነው።

የሰፈራችን ኮብልስቶን አቧራ በወንፊት ቀዳዳ እያለፈ ሲሊንደር ገባ። አቧራ ሲሊንደር ውስጥ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ነው፤ የፒስተን ሪንጉን ይፍቀዋል። ዘይት ከቤንዚን ጋር መንደድ ጀመረ። ዲኤክሷ ሰማያዊ ጭስ ታወጣ ጀመር፤ ከሩቅ ስትታይ ቡና የተፈላባት ትመስላለች። «ጉልበት ሲበዛ እንዲህ ነው» አለን። እሰይ የኔ አንበሳ!

ከዚያ ሐምሌ መጣ። ቀለበት መንገዱ ድልድይ ሥር ውኃ ተኝቷል። ሌላው ሹፌር ሁሉ ዳር ይዞ ቆመ። እሱ ገባ። ዲኤክሷ ያን ዕለት፣ ከተገጠመላት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በእርግጥ ቀዝቃዛ ነገር ሳበች። ውኃ ደግሞ እንደ አየር አይጨመቅም። ፒስተኑ ልጭመቅህ ሲለው የታጠፈው ፒስተኑን የሚገፋው ዘንግ፣ ቢዬላው ነው። «ቋ!» አለች። ከዚያ ጸጥ።

ጋራዥ ድረስ ስድስት ሆነን ገፋናት። ያን ቅዳሜ ከቆሙት ሰባት መካሪዎች የተገኘሁት እኔ ብቻ ነኝ።

መካኒኩ አዛውንት ናቸው። ቱቦውን ፈትተው አገላበጡት። የሻይ ማጥለያው ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ልጄ፣ ይሄ የምን ቱቦ ነው?»

«የአየር ነው ጋሼ።»

«በፊትስ?»

«የፍሳሽ ነበር።»

ዘቅዘቅ አደረጉት። ጥቁር ውኃ እግራቸው ሥር ተንዶለዶለ።

«ሥራውን አልረሳም» አሉ።