ብሩ የሚደርሰው ዝናቡ ሲገባ ነው

ትናንት ማታ አክስቴ ከደንቢያ ደወለችልኝ። ደንግጬ ነው ያነሳሁት፤ እሷ ያለ ነገር አትደውልም። «እንዴት ነህሳ ልጄ፣ እናንተ ጋ ዝናቡ ጣለ?» አለችኝ። ገና ደመናው ነው አልኳት። «እኛ ጋማ ከትናንት ወዲያ ጀመረ። በቃ፣ መንገዱ ዘንድሮም አለቀለት» አለች። ድምጿ ውስጥ ንዴት እንኳን የለም። ለምዳዋለች። እኔን ያንገበገበኝ እሱ ነው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ስለዚህ ይኸው እጽፈዋለሁ። ይረዝማል፤ ታገሡኝ።

መንገዱ 14 ኪሎ ሜትር ነው። ከጎንደር ወጥታችሁ፣ አዘዞን አልፋችሁ፣ ቆላ ድባን አለፍ እንዳላችሁ ከዋናው መስመር ይገነጠላል። የቀበሌዋን ስም አልጠራም። ብጠራው የእሷ ብቻ ችግር ይመስላል። ወገራም፣ በለሳም፣ ጭልጋም፣ ጃናሞራም ያላችሁ የየራሳችሁን መንገድ እያሰባችሁ አንብቡት።

ደንቢያን ለማታውቁ፣ ከጣና በላይ የተዘረጋ ሜዳ ነው። አፈሩ ዋልካ ነው። ለጤፍ፣ ለሽምብራ፣ ለነጭ ሽንኩርት እንደሱ ያለ አፈር የለም። ለመንገድ ግን ጠላት ነው። በበጋ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በክረምት ውሃውን ጠጥቶ ያብጣል። ጫማ ነቅሎ ያስቀራል፤ ከብት ሳይቀር ይይዛል። እዚህ አፈር ላይ መንገድ የሚሠራ ሰው ዋልካውን ቆርጦ ማውጣት አለበት። ከዚያ ድንጋይና ገረጋንቲ (መንገድ ላይ የሚደፋው ጠጠር የተቀላቀለበት አፈር) መሙላት፣ መጠቅጠቅ፣ ቱቦ መቅበር፣ ቦይ ማውጣት አለበት። ይሄን ሁሉ ደግሞ በደረቁ ወራት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት መጀመሪያ። ሌላ ጊዜ የለም። ዝናቡ ከጣለ በኋላ የዓለም ብር ቢመጣ ዋልካ ላይ ምንም አይሠራበትም።

የመጀመሪያው ጠጠር መንገድ የደረሰን በሁሉን አቀፍ የገጠር መንገድ ተደራሽነት ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ በ2003 ነበር የተጀመረው። ዕቅዱ በአምስት ዓመት ከ70 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ሠርቶ ቀበሌዎችን ሁሉ ክረምት ከበጋ በሚያስኬድ መንገድ ማገናኘት ነበር። አባቴ ለዚያ መንገድ ድንጋይ ተሸክሟል። የሰፈሩ ሰው በጉልበቱም በብሩም አዋጥቷል። የመጀመሪያው አይሱዙ ሰፈራችን የገባ ቀን እናቶች ዳቦ ይዘው ወጥተው እልል ሲሉ አስታውሳለሁ። ሹፌሩ ወርዶ እየሳቀ ሲበላም አስታውሳለሁ።

ጠጠር መንገድ ግን ካልተጠገነ ዕድሜ የለውም። በየዓመቱ ጎማም ጎርፍም ከላዩ ይገፈዋል። ገረጋንቲ ካልተጨመረበት፣ ቦዩ ካልተጠረገ፣ በጥቂት ዓመት ተመልሶ አፈር ይሆናል። የእኛም እንደዚያው ሆነ። ቢሆንም ይሄድ ነበር። እየተንገጫገጨም ቢሆን በበጋ ሚኒባስ፣ በክረምት ቢያንስ ሞተር ይገባ ነበር። ይህቺን ያዙልኝ፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከሦስት ዓመት በፊት «ደረጃው ከፍ ሊል ነው» ተባለ። ስብሰባ ተጠራ። ሽማግሌ መረቀ። የገበሬ ማሳ ተለካ፣ ካስማ ተተከለ። ዶዘር መጣ። አሮጌውን ጠጠር ከነገረጋንቲው ገፎ ወደ ዳር ከመረው። ዋልካውንም ቆረጠው። ሜዳው ለሁለት የተከፈለ መሰለ። ሦስት ቦታ ለቱቦ ጉድጓድ ተቆፈረ። ሰው ሁሉ ደስ አለው፤ እኔም ፎቶ አንስቼ እዚሁ ገጽ ላይ ለጥፌ ነበር። ከዚያ አንድ ጠዋት ማሽኖቹ የሉም። ግሬደሩ ሄደ፣ ሮሎው ሄደ፣ ገልባጮቹ ሄዱ። የቀረው አንድ ዘበኛና የቆርቆሮ መጋዘኑ ነው።

ካምፑ ሄጄ ፎርማኑን አገኘሁት። እኔ በቁጣ ነበር የሄድኩት። እሱ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ያያል። «ወንድሜ፣ እኔም የሦስት ወር ደሞዝ አልተከፈለኝም» አለኝ። «የሠራነው ተለክቷል። አማካሪው ፈርሟል። የክፍያ ሰርተፍኬቱ ከሄደ ቆየ። ብር አልተለቀቀም ነው የሚሉን። ግሬደሩ ደግሞ የኪራይ ነው፤ ቆሞም ይቆጥርብናል። ምን እናድርግ? መለስነው።» እሱን ምን ልበለው? ቁጣዬን ይዤ ተመለስኩ። የሰፈሩ ልጆች ለቀን ሥራ ተቀጥረው ያልተከፈላቸው ነበሩ። አንዱ የአክስቴ ልጅ ነው። በዚያ ብር በግ ሊገዛ አስቦ ነበር።

ወደ ወረዳ ሄድን። ወደ ዞን ሄድን። ሦስት ሽማግሌዎችና እኔ። አንዱ ክፍል «በጀቱ አልተለቀቀም» ይላል። ሌላው «ጥያቄው ወደ ላይ ተልኳል» ይላል። ሦስተኛው «በሚቀጥለው በጀት ዓመት ይያዛል» ይላል። ማንም አልተሳደበም፤ ማንም አላመናጨቀንም፤ ሻይም ጋብዘውናል። ግን ብሩ የትኛው ጠረጴዛ ላይ እንዳለ፣ መቼ እንደሚለቀቅ የሚነግረን አንድ ሰው አልተገኘም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ በጉዞው ከሰባ ዓመት በላይ በሆነ እግራቸው ሁለት ቀን ቆመዋል።

አሁን ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። ብዙ ሰው «አገሪቱ ድሃ ነች፣ ብር የለም» ይለኛል። ብር ማነሱን እኔም አውቃለሁ። ግን እኛ ጋ መንገዱን የገደለው የብር ማነስ ብቻ አይደለም። ያለችው ብር የምትደርስበት ወር ነው።

የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው። ሐምሌ እኛ አገር ሰማይ የሚቀደድበት ወር ነው። ይሄ በራሱ ክፋት የለውም። እንዲያውም ለመንገድ ሥራ የተመቸ ነበር። ክረምቱ ለወረቀት፣ በጋው ለማሽን። በሐምሌና በነሐሴ ጨረታው ቢያልቅ፣ መስከረም ላይ ቅድመ ክፍያው ቢገባ፣ መስቀል እንዳለፈ ዶዘሩ ሜዳ ላይ ይሆናል። ሰባት ወር ሙሉ ይሠራል። እኛ ጋ የሆነው ግን እንዲህ ነው። ብሩ ተከፋፍሎ እስኪደርስ ታኅሣሥ ገባ። ውል ማሻሻያ ሲባል ጥር ሄደ። የካቲትም ሄደ። መጋቢት መጨረሻ ላይ ትንሽ ብር ጠብ አለች። ሚያዝያ ላይ ሁለት ማሽን መጣ። ግንቦት ላይ ዝናብ ጣለ። ሰኔ ሲገባ ደግሞ ሌላ ጥድፊያ መጣ። ሰኔ 30 ሒሳብ ይዘጋል፤ ያልተሠራበት ብር ተመላሽ ይሆናል። ያን ጊዜ ሁሉም ይሮጣል። ሰኔ ውስጥ፣ ቁርጭምጭሚት የሚውጥ ጭቃ ላይ፣ ገረጋንቲ ሲደፋ በዓይኔ አይቻለሁ። ሹፌሩም ያውቃል፣ ተቆጣጣሪውም ያውቃል፣ ቆሞ የሚያየው እረኛም ያውቃል። በሐምሌ አጋማሽ ያ ገረጋንቲ የለም። ዋልካው ውጦታል። ብሩም አብሮ ተውጧል።

በዚህ ላይ መዘግየቱ ራሱ ብር ይበላል። ውሉ በተፈረመበት ዋጋ አሁን ነዳጅ አይገዛም፣ ብረት አይገዛም፣ የማሽን መለዋወጫ አይገዛም። ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፎ ሄደ። የግሬደር ጎማና የሞተር ዕቃ ከውጭ ነው የሚመጣው። በጊዜው ተከፍሎ ቢሆን የሚያልቀው ሥራ አሁን በዚያው ብር ግማሹም አይሠራም። ኮንትራክተሩ «ዋጋ ይከለስልኝ» ይላል። ክለሳው እስኪጸድቅ ሌላ ዓመት ያልፋል። በዚያ ዓመት ደግሞ ዋጋው ይጨምራል።

ከላይ ያዙልኝ ያልኳችሁ አለች። አሮጌው መንገድ ይሄድ ነበር ብያችኋለሁ። አሁን የለም። ጠጠሩ ተገፏል፤ ዋልካው ራቁቱን ወጥቷል። የተቆረጠው መሬት ከማሳው ዝቅ ስላለ ክረምት ሲመጣ ውሃው ሁሉ እሱን ይዞ ይወርዳል። መንገድ የነበረው ወንዝ ሆኗል። ለቱቦ የተቆፈሩት ጉድጓዶች ኩሬ ሆነዋል። ባለፈው ዓመት አንዱ ውስጥ የጎረቤት ጥጃ ሞቶ ተገኘ። እናቶች ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት ሲልኩ «በጉድጓዱ በኩል እንዳትሄዱ» እያሉ ነው። ዳር ላይ የተከመረው ገረጋንቲ ሣር አብቅሏል፤ በግ ይግጥበታል። እኛ የቀረብን አዲሱ መንገድ ብቻ አይደለም፤ የነበረንም ተወስዶብናል።

ገበያውን ልንገራችሁ። አክስቴ በመስኖ ቲማቲም ታለማለች። ቲማቲም አይጠብቅም። ደላላው መገንጠያው ድረስ መኪና ያመጣል፤ ከዚያ ወዲህ አይገባም። እሷ በአህያ ታወጣዋለች። ሳጥኑ አህያ ላይ ሲናጥ ከታች ያለው ይፈርጣል። ደላላው ያየዋል። «እማማ፣ መንገዳችሁን አይተሽዋል እኮ» ይላታል። ዋጋውን ግማሽ ያወርደዋል። ያው ቲማቲም በማግስቱ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ስንት እንደሚሸጥ እኔ ስለማውቅ ውስጤ ይቃጠላል። ከተሜውም በውድ እየገዛ ነው፤ ገበሬዋም በርካሽ እየሸጠች ነው። መሃሉ ላይ ያለው ያ 14 ኪሎ ሜትር ነው።

የአምናውን ነሐሴ ግን ባልጽፈው ይሻለኝ ነበር። ጎረቤታችን፣ ሃያ አንድ ዓመቷ፣ ሌሊት ምጥ ያዛት። የመጀመሪያዋ ነው። አምቡላንስ ተደወለ። አምቡላንሱ መጥቷል፤ ሹፌሩ እግዜር ይስጠው፣ በዚያ ዝናብ መገንጠያው ድረስ መጥቶ መብራቱን አብርቶ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ መግባት አልቻለም። ወንዶቹ ቃሬዛ አወጡ። ስምንት ሆነው፣ አራት አራት እየተቀያየሩ። አንዱ ሲወድቅ ሌላው እየተካ። የአክስቴ ልጅ ከፊት ባትሪ ይዞ ነበር። «ጉልበቴ ድረስ ገብቼ እግሬን ሳወጣ ጫማዬ ቀረ፤ ዞሬም አላየሁት» አለኝ። መገንጠያው ሲደርሱ ነግቷል። ጎንደር ሆስፒታል ገባች። እሷ ተረፈች። ሕፃኑ አልተረፈም። ሐኪሙ ለባልየው «ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብትመጡ» አለው ይባላል። ባልየው እስከ ዛሬ ሰው ሲያገኝ ይቺኑ ይደጋግማታል። ሁለት ሰዓት።

«ጸጥታው ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እውነት ነው፣ በዚህ ሁለት ሦስት ዓመት ብዙ ሥራ በጸጥታ ምክንያት ቆሟል። አልክድም። ግን እኛ ጋ ማሽኑ የወጣው ተኩስ ሰምቶ አይደለም፤ ክፍያ አጥቶ ነው። ፎርማኑ በአፉ ነግሮኛል።

ሌላም ነገር አለ። በ1989 የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ከነዳጅ ላይ ለመንገድ ጥገና እንዲሰበሰብ ተብሎ ነው። አዘዞ ላይ ባጃጁን የሚቀዳ ልጅ፣ ቆላ ድባ የሚመላለሰው ሚኒባስ፣ የደላላው አይሱዙ፣ ሁሉም በቀዱ ቁጥር ያዋጣሉ። እኛም ለታሪፍ ስንከፍል እናዋጣለን። ስለዚህ ለምነን አይደለም የምንጠይቀው።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። የሚጨርስበት ብር እጁ ሳይገባ ማንም የሚሄድ መንገድ አይግፈፍ። ሦስት ኪሎ ሜትር ብቻ የሚበቃ ብር ካለ ሦስቷን ጨርሱልን፤ 14ቱን ቆፍራችሁ አትተዉት። ቱቦው ከሁሉ ይቅደም፤ ውሃው መሄጃ ካገኘ ሌላው ይታገሣል። ክፍያ የሚለቀቅ ከሆነ በጥቅምት ይለቀቅ። የዘገየ እንደሆነ ደግሞ ማን ጋ እንደዘገየ ወረቀት ቀበሌ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ይለጠፍልን። ሽማግሌዎቹ ሁለት ቀን ከሚቆሙ አንዴ ያንብቡት።

አክስቴ ትናንት የደወለችው ስለ ዝናቡ ልታወራ ብቻ አልነበረም። መጨረሻ ላይ ነው የነገረችኝ። ትንሿ ልጇ እርጉዝ ነች። ቀኗ ነሐሴ መጀመሪያ ነው። «መንገዱ ሳይዘጋ አንተ ጋ ላምጣትና ትቀመጥ ወይ?» አለችኝ። እንዴታ አልኳት። ሁለት ልጆቿን ለአያታቸው ትታ፣ ሁለት ወር ሙሉ፣ ለመውለድ ብላ ከቤቷ ልትሰደድ ነው። የፊታችን እሑድ፣ ዝናቡ ከታገሠ፣ በአህያ እስከ መገንጠያው ትመጣለች። እዚያ ቆሜ እጠብቃታለሁ።