ለጎራዴው ባለቤት አንፍጠርለት

አንድ የቆየ የመኮንን ጎራዴ ለጨረታ ሲቀርብ ከአፎቱ ቀድሞ የሚመዘዘው ታሪኩ ነው። የእገሌ ኮሎኔል ነበር፣ በእገሌ ጦርነት ታጥቆት ዘምቷል ይባላል። ማስረጃ ሲጠየቅ ግን ብዙውን ጊዜ ያለው የሻጩ ቃል ብቻ ነው። እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ። ባለቤቱ ያልታወቀ ጎራዴ «ባለቤቱ አይታወቅም» ተብሎ መቅረብ አለበት።

ብረቱ ራሱ የሚናገረው ጥቂት አይደለም። የእንግሊዝ ጦር መኮንኖች ጎራዴያቸውን በራሳቸው ገንዘብ ይገዙ ስለነበር የስማቸውን መነሻ ፊደላት ወይም የቤተሰባቸውን ዓርማ ያስቀርጹበት ነበር። የነገሥታቱ ምልክትም ዘመኑን ያጠብባል፤ የንግሥት ቪክቶሪያ ከሆነ ከ1837 እስከ 1901፣ የኤድዋርድ ሰባተኛ ከሆነ ደግሞ ከዚያ እስከ 1910 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር። ዊልኪንሰን የተባለው የለንደን ጎራዴ ሠሪ በስለቱ ጀርባ ላይ ተከታታይ ቁጥር ይመታ ነበር፤ ቁጥሩ ከድርጅቱ መዝገብ ጋር ሲመሳከር የገዥው ስም ሊገኝ ይችላል።

ይሁን እንጂ መዝገቡ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ገዥ ብቻ ነው። ጎራዴ ይወረሳል፣ ይሸጣል፣ ይሰረቃል፣ ከወደቀ ሰው ወገብ ላይ ይፈታል። በ1945 ድል የተነሡት የጃፓን መኮንኖች ካስረከቧቸው ጎራዴዎች መካከል በየቤተሰቡ ለትውልዶች የቆዩ ስለቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም በወታደሮች ሻንጣ ባሕር ተሻግረዋል። እጀታቸው ሲወልቅ በብረቱ ላይ የሚነበበው ስም፣ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ የአንጥረኛው እንጂ የታጣቂው አይደለም። የባለቤቱ ስም የተረፈው አንዳንዶቹ ሲረከቡ በታሰረባቸው ቁራጭ እንጨት ወይም ጨርቅ ላይ ነው። ያችን ቁራጭ እንደ ቆሻሻ የሚጥል ሰው ምን እንዳጠፋ አያውቅም!

የሐሰት ስም መለጠፍ ከዚህም ይብሳል። በማን እጅ እንደነበረ የማይታወቅበት ዘመን ዝርፊያ የተፈጸመበት ሊሆን ይችላል፤ ዕቃውን የሚፈልጉ ወራሾችም በሕይወት ይኖሩ ይሆናል። ክፍተቱን በተፈጠረ ኮሎኔል ከደፈንነው ፍለጋው እዚያው ይቆማል፤ ዋጋው ግን ይጨምራል።

እንዲህ ያለ ጎራዴ በእጁ ያለ ሰው ስለቱን አይፈግፍገው፣ ፊደልም አያስጨምርበት። ቁጥሩንና ምልክቱን ፎቶግራፍ ያንሣ። አያቱ የነገሩትን ደግሞ «አያቴ እንደነገሩኝ» ብሎ፣ ከሰማበት ቀን ጋር ይጻፈው።