ማስተካከያ፦ የጉንደትና የጉራ ሬሚንግተን መዝጊያው ቁልቁል አይወርድም

በ1868 ዓ.ም. በጉንደትና በጉራ ከግብፅ ጦር ስለተማረከው ሬሚንግተን ጠመንጃ ሰሞኑን ብዙ ሰው የተጋራው ጽሑፍ አለ። መዝጊያው፣ ማለትም ጥይቱ ከገባ በኋላ አፈሙዙን ከኋላ የሚዘጋው ብረት፣ ቁልቁል የሚወርድ ነው ይላል። ስህተት ነው።

የሬሚንግተን መዝጊያ ወደ ኋላ ይሽከረከራል። መጀመሪያ መዶሻው በአውራ ጣት ይሳባል፤ ቀጥሎ መዝጊያው ወደ ኋላ ይገለበጣል፣ አንድ ጥይት ይጎርሳል፣ ይዘጋል። ሲተኮስ መዶሻው ከመዝጊያው ስር ገብቶ ደግፎ ይይዘዋል። ግሩም ብልሃት ነው፤ በስሙ ሊጠራ ይገባል።

ቁልቁል የሚወርደው እ.ኤ.አ. በ1848 ፓተንት የወጣለት የሻርፕስ ጠመንጃ ዓይነቱ ነው፤ በኋላም እ.ኤ.አ. የ1885ቱ ዊንቸስተር ጠመንጃ። ከምላጩ ስር ያለው ማንሻ ወደ ታች ሲገፋ ወፍራሙ መዝጊያ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። በጣም ጠንካራ ነው። ወደ ኋላ የሚሳብ ነገር ስለሌለውም አጠቃላይ ርዝመቱ ሳይጨምር ረዘም ያለ አፈሙዝ ይይዛል። ፈተናው የተጣበቀ ቀለህ ማውጣት ላይ ነው፤ እዚያ ላይ ጉልበት ያንሰዋል።

ልዩነቱ በሁለቱ ጠመንጃዎች የፓተንት ሰነዶችና ሥዕሎች ላይ በግልጽ ይታያል። ስለዚህ ያንን ጽሑፍ አንብቦ «ማንሻ ስለሌለው ሬሚንግተን አይደለም» ብሎ የቆየ የቤተሰብ ቅርስ የመዘገበ ካለ፣ መዝገቡን እንደገና ይየው።