የእንቁላል ካርቶን ድምፅ አያግድም
ወንድሜ፣ ስለ ድምፅ መቅረጫ ክፍል «ግድግዳውን በእንቁላል ካርቶን ሸፍኑት፣ ድምፅ አይወጣም አይገባም» ያልከው ልክ አይደለም። ብዙ ሰው ያምነዋል፤ ግን ድምፅ የሚያግደው ክብደትና ክፍተት አለመኖር ነው። ካርቶኑ ደግሞ ስስና ቀላል ነው። በሩ ስር ስንጥቅ ካለማ የጎረቤት ጄኔሬተር ሳይጠራ ቀረጻው ውስጥ ይገባል።

ካርቶኑ ቀጫጭን ድምፆች ሲያስተጋቡ ትንሽ ያለዝብ ይሆናል። ቤዙን (ወፍራሙን ድምፅ) ግን አይነካውም። የ100 ኸርዝ የቤዝ ድምፅ ሞገድ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ገደማ ነው፤ ስስ ካርቶን ምን ያደርገዋል? እሳትም ቶሎ ይይዘዋል፣ በሽቦ በተሞላ ክፍል ደስ አይልም።

ለማስተጋባቱ ወፍራም ብርድ ልብስ ከግድግዳው ትንሽ አራቅ አድርገህ ስቀል። ለቤዙ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ ቢያንስ 10 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሮክ ዉል (ከቀለጠ ድንጋይ ክሮች የሚሠራ ንጣፍ) ጥጎቹ ላይ አቁም። የበሩን ስንጥቅ በጎማ ድፈነው።